የሊንዚ ነብር

ሊንዚ ዳንስተር ዕድሜውን ሙሉ ሳይንስ አስተምሮ ጡረታ ሲወጣ የሚያርመው ተማሪ አጣና ፖድካስት ጀመረ። ስሙን «ማስረጃው የታለ?» አለው። የሚቀዳው በታዝማኒያ ደሴት ጊቭስተን በምትባል ትንሽ ከተማ ባለው ቤቱ፣ ድምፁ እንዳያስተጋባ፣ የሚስቱ ካፖርቶች በተሰቀሉበት ቁም ሣጥን ውስጥ ተኮራምቶ ነው። ሚስቱ ኖሪን ብርድ በመጣ ቁጥር ታንኳኳለች።

«ዓለምን አንቅተህ ስትጨርስ ሰማያዊውን ካፖርት ታቀብለኛለህ?»

በዘንግ የከርሰ ምድር ውሃ አገኛለሁ የሚለውን፣ በመዳብ አምባር ቁርጥማት የሚፈውሰውን፣ ጨረቃ አይቶ ጎመን የሚተክለውን፣ ማንንም አልማረም። ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን የታዝማኒያ ነብር ነበር። ያ ነብር ይባል እንጂ ውሻ የሚመስል፣ ጀርባው ላይ ጥቁር መስመር ያለው አውሬ ከምድር ከጠፋ የሰው ዕድሜ አልፏል፤ ደሴቲቱ ላይ ግን «በዓይኔ አየሁት» የማይል ከተገኘ ብርቁ እሱ ነው። ፖም የሚያመርቱት አሮጊት ጎረቤቱ እትዬ ቤሪል እንኳ አይተዋል። ፕሮግራሙ ላይ ጋብዞ፣ «ስንት ብርጭቆ ጠጥተው ነበር?» አላቸው።

«ሻይ ከሆነ ሁለት» አሉት።

አንድ የግንቦት አመሻሽ በካፊያ ወደ ቤቱ ሲነዳ፣ መታጠፊያው ላይ አንድ እንስሳ መንገዱን ተሻገረ። ረጅም አፍ፣ ቀጭን ጅራት፣ ከጀርባው እስከ ዳሌው ጥቁር መስመር። ሊንዚ መኪናውን አቁሞ፣ እግዜር የለም እያለ በፖድካስቱ ሲሞግት የኖረው ሰውዬ፣ «ጌታ ሆይ!» አለ። «ሁላችሁም ስልክ ይዛችሁ እንዴት አንዳችሁ ፎቶ አታነሱም?» እያለ ሲያላግጥ ኖሮ፣ የራሱን ስልክ ያስታወሰው ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ነው።

«ኖሪን፣ አየሁት!»

«ማንን?»

«ነብሩን። ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ኖሪን ሳቋ አላስቆም ብሏት ግድግዳ ተደገፈች። «በል እሺ፣ ስንት ብርጭቆ ጠጣህ?»

እሱ ግን ደስታው እንቅልፍ ነሳው፤ እንዲህ የሆነው ልጅ ሳለ ብቻ ነበር። በማግስቱ ዱካውን በጀሶ ሊቀርፅ ወደ መታጠፊያው ሄደና ጭቃው ላይ ተንበረከከ። እትዬ ቤሪል በትራክተራቸው ደረሱበት።

«አንተ ልጅ፣ ምን ጠፋብህ?»

አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው። እንባቸው መጣ። «አላልኩህም? አላልኩህም ነበር?»

ይሄኔ ጫካው ተንኮሻኮሸና እንስሳው ብቅ አለ፤ አንገቱ ላይ ቀይ ማሰሪያ አለ። ጅራቱን እየቆላ መጥቶ የሊንዚን ጆሮ ላሰው። ለካ አዲሶቹ ጎረቤቶች ከውድድር ጡረታ የወጣ ባለ ጥቁር መስመር ሯጭ ውሻ አምጥተው ኖሯል።

እትዬ ቤሪል ውሻውን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ «የእኔው እንዲህ ጅራቱን አልቆላም» ብለው ትራክተራቸውን አስነሱ።

ሊንዚ ታሪኩን አንድም ሳይደብቅ በፖድካስቱ አወራው፤ እግዜርን መጥራቱንም፣ ውሻ መሆኑን ሲያይ ሆዱ መባባቱንም። አድማጩ በአንዴ እጥፍ ሆነ። የመጡት ግን ነብር ወዳዶቹ ናቸው። «ውሻ ነው በል ያሉህ ስንት ከፈሉህ?» ብለው ጻፉለት። አንዱማ «መንግሥት ያሰማራው ውሻ ነው» ብሎ ማለ።

አሁን አመሻሽ ላይ ከእትዬ ቤሪል ጋር ከፖም ማሳው ዳር ተቀምጦ ጫካውን ያያል። «እሳቸው ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ ነው» ይላል። ባለፈው ሳምንት እትዬ ቤሪል ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ። እሱ ግን ሄደ።