አበልጅ የመታው ፔናሊቲ

ቫርላም ጂኪያን ያገኘሁት ጥርሴን ተነቅዬ ከኩታይሲ ስመለስ ነው። ጉንጬ ዳቦ አክሎ ስለነበር ማውራት አልችልም፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ የቀረው አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ እሱም የሕፃን ባለሦስት እግር ብስክሌት ጭኑ ላይ ካቀፈ ግዙፍ ሰው አጠገብ። እንደምንም ተሸጎጥኩ።

ሾፌሩ ቤግላር አንድ እጁን በመስኮት አውጥቶ፣ በሌላው ሱፍ እየቆረጠመ ነው የሚነዳው፤ መሪውን በምን እንደሚይዝ እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። ከከተማ እንደወጣን አስፋልቱ መሃል ቆማ የምታመነዥግ ላም አጋጠመችንና ፍሬኑን ረገጠው። ሁላችንም ወደፊት ሄደን ተመለስን። ከላይ መደርደሪያው ላይ የነበረ የትኬማሊ ጠርሙስ፣ ያ ለሥጋ የምናደርገው ኮምጣጣ የፕለም ስልስ፣ ግን አልተመለሰም፤ በቀጥታ ወደ እኔ አናት መጣ። ጎረቤቴ ብስክሌቱን ሳይለቅ አንድ ረጅም ክንዱን ሰደደና ጠርሙሱን አየር ላይ ቀለበው።

የጠርሙሱ ባለቤት አክስት ጉጉሊ ነበረች፤ ማራኒ ገበያ አይብ የምትሸጥ፣ አይቡ ቢያልቅባት ወሬ የማያልቅባት ሴት። ዞር ብላ አየችው። ታመሰግነዋለች ብዬ ነበር።

"የእኔን ትኬማሊ እንዲህ ትቀልባለህ! የጎቻን ኳስ ግን በአጠገብህ ስታልፍ ቆመህ አየሃት!"

"ቆሜ አይደለም፣ አክስቴ፤ ተወርውሬ ነው ያየኋት" አለ ሰውየው ጠርሙሱን እያቀበላት።

"ተወርውረህማ ነበር፤ ወደማትመጣበት በኩል!"

ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም መሳቅ ቃጥቶኝ አመመኝና ተውኩት። የማራኒው በረኛ ቫርላም መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። የማራኒንና የባላንጣዋን ከተማ ስም እዚህ ለውጬዋለሁ፤ ለምን እንደለወጥኩ ኋላ ላይ ይገባችኋል።

አፌ ተዘግቶ ዓይኔ ሲፈጥ አይቶ መሰለኝ፣ ቫርላም ሕይወቱን ከሥሩ ጀምሮ አወራኝ። ያደገበት መንደር ሜዳ ቁልቁለት ነበር። የታችኛው ጎል ጀርባ ላይ የአንድ ጎረቤት የንብ ቀፎዎች ተደርድረዋል፤ ሕጉ ደግሞ ያሳለፈ ራሱ ሄዶ ያመጣል ነው። ወፍራም ስለነበረ መሮጥ አይችልም ብለው በረኛ አደረጉት።

"ሰዎች ተሰጥኦ ይሉታል" አለኝ። "ምን ተሰጥኦ! የንብ ፍርሃት ነው። እስከ ዛሬ ኳስ ሲመታብኝ ጆሮዬ ላይ እዝዝ ይላል።"

ንቦቹ ዋና ከተማችን ትብሊሲ ድረስ አደረሱት። እዚያ ከአንድ ትልቅ ቡድን ፈረመ፤ ግን ዋናው በረኛ ጉንፋን እንኳ የማይዘው ሰው ሆነበት። ቫርላም የወጣትነቱን ደህና ዘመን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ጨረሰው። ሚስቱ ዶዶ ዛሬም ቤታቸው እንግዳ ሲመጣ፣ "እሱ ጋ ተቀመጡ፣ ወንበር ማሞቅ ሙያው ነው" ትላለች። ከዚያ ካዛክስታን ሄደ። እዚያስ ተጫውቷል፤ ተስማምቶትም ነበር። ያልተስማማው ማዕዱ ነው።

"ደህና ሰዎች ናቸው" አለኝ። "ግን የቡድኑ ምግብ ቤት ገብተው፣ በልተው፣ አፋቸውን ጠርገው ይነሳሉ። በቃ! ማንም ብድግ ብሎ ስለ ሟች፣ ስለ እናት፣ ስለ እንግዳ አንዲት ቃል የለም። እኔ ብርጭቆ ይዤ ስነሳ አሠልጣኙ ቅሬታ ያለኝ መስሎት ደነገጠ።"

ውሉን ሳይጨርስ ተመለሰና ለትውልድ ከተማው ለማራኒ መቆም ጀመረ። ፀጉሩ እስኪሸብት ቆመ። ሰው ይወደው ነበር፤ ገበያ ሲወጣ ዱባ በነፃ ይሰጡታል።

"እኔም ሰጥቼዋለሁ!" አለች ጉጉሊ ከፊት። "ዱባ ሳይሆን አይብ፣ ያውም ትኩሱን! ዛሬ ባስታውሰው ያንገበግበኛል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለችው ዛናቪ የማራኒ ባላንጣ ናት። የዛናቪው አጥቂ ጎቻ ኤሰቡዋ ደግሞ ከቫርላም ጋር ከትብሊሲ ጀምሮ ወዳጅ ነው። ጎቻና ሚስቱ ስንት ዓመት ተስለው ወንድ ልጅ ሲያገኙ፣ ጎቻ መጥቶ ቫርላምን የልጄ ክርስትና አባት ሁንልኝ አለው። በእኛ አገር ለዚህ ጥያቄ እምቢ የሚል ሰው አልተወለደም። ቄሱ ቀኑን ቅዳሜ አደረጉት። በማግሥቱ እሑድ ማራኒና ዛናቪ የሚጋጠሙበት ቀን መሆኑን፣ የተሸነፈው ወደ ታችኛው ሊግ እንደሚወርድ፣ ቄሱ አላወቁም። የሚነግራቸውም አልተገኘም፤ ሁሉም ስለ ልብሱና ስለ በጉ ነበር የሚያስበው።

ቅዳሜ ሕፃኑ ተጠመቀ። ማዕድ ተቀመጡ። ታማዳው፣ ማለት የገበታው አዛዥ፣ የጎቻ አጎት ነበሩ። በቀንድ ሙሉ ወይን ይዘው ተነሡና፣ "ከዛሬ ጀምሮ ጎቻ ቫርላምን የለመነው፣ ቫርላምም ጎቻን የለመነው ነገር አይከልከል! ይህን የጠጣ ይፈጽም!" አሉ። ሁለቱም አበልጆች ቀንዱን እስከ ጫፉ አንጠፈጠፉ። እንዲህ ተብሎ የተጠጣ ወይን ቀልድ አይደለም፤ ከፊርማ ይብሳል።

እሑድ ጨዋታው ባዶ ለባዶ ሊያልቅ ሲል ዛናቪ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች። መቺው ጎቻ ነው።

"ጨርስልኝ እንጂ!" አለች ጉጉሊ። "ጎቻ ኳሱን አስቀመጠ። ከዚያስ? ጎሉ ድረስ ሄደ! እኔ ከዚያው ከጎሉ ጀርባ ነበርኩ። ተቃቀፉ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ፣ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ኳሷ በግራ፣ ይሄ ዝሆን በቀኝ! የክርስትና ስጦታ ሰጠ፣ እኛ ወረድን!"

"እናንተ ወረዳችሁ፣ እኛ ጠጣን" አለ ቤግላር ከመሪው፤ እሱ የዛናቪ ሰው ነው።

ቫርላም ስቆ አለፈው። ሳቁ ግን አጭር ነበር። በዚያው ዓመት ጓንቱን ሰቀለ። አሁን የማራኒ ክለብ የበረኞች አሠልጣኝ እየፈለገ ነው፤ ከእሱ የተሻለ ሰው በአካባቢው የለም። ሊቀመንበሩ ግን፣ "ጎል ስጦታ አድርጎ የሚሰጥ ሰው ልጆቻችንን ምን ሊያስተምር ነው?" ብለው ለሌላ ሊሰጡት ነው። ዘንድሮ ካልያዘው ከኳስ ጋር መለያየቱ ነው።

"እህ?" አልኩት በጉንጬ።

ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። "ዛሬ የክርስትና ልጄ ልደት ነው። ጎቻ ቤት ግማሽ ዛናቪ አለ። አንድ ነገር ልለምነው ነው የምሄደው፤ እንደማይከለክለኝ አውቃለሁ፣ ጠጥቶበታል። በሕዝብ ፊት ያን ቀን ምን እንዳለኝ ይናገርልኝ።"

ሹክ ያለኝ መስሎት ነው። በረኛ ግን ዕድሜውን ሙሉ ተከላካዮቹ ላይ ሲጮህ የኖረ ሰው ነው፤ ሹክሹክታ ከየት ይመጣለታል? የኋላ ወንበር ላይ ተኝቶ የነበረው ሰውዬ ሳይቀር ነቅቶ አንገቱን አሰገገ።

"ምን መሰለህ ያለኝ? 'አበልጄ፣ ትናንት የለመንከኝን አልከለክልም ብለህ ጠጥተሃል። እለምንሃለሁ፣ ያዛት። ካለፈችህ ልጄ ሲያድግ በአንተ ክርስትና ከተማ ተሸጠ ይሉታል' አለኝ። እኔም ልይዛት ከልቤ ተወረወርኩ! ጎቻ ሁልጊዜ በስተቀኝ ነው የሚመታው። ኋላ፣ 'አንተ ሰው፣ ያዝ ብለህ ለምነህ በግራ ትመታለህ?' ብለው፣ 'በለመድከው በኩል ብመታልህ ደግሞ እኔ ሰጠሁህ ይሉኛላ!' አይለኝም!"

እየሳቀ ቀና ሲል ነው ሁሉም ወደ እሱ መዞሩን ያየው። ቤግላር ሬዲዮውን ዘግቶታል።

ጉጉሊ ወንበሯ ላይ ተንበርክካ ዞረች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። "ልጄ፣ እኔን አፈር ያስበላኝ! ሁለት ዓመት ሙሉ ስምህን ከአይብ ጋር ስመዝን የኖርኩ! ዛሬ ገበያ አልገባም፤ ቀጥ ብዬ ሊቀመንበሩ ቤት ነው። እስከ ነገ ያልሰማ ማራኒ ውስጥ ካለ ጉጉሊ አትበሉኝ!"

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ቤግላር ድምፁ ቀጥኖ። "የኛ ጎቻ? እኛ ጉሮሯችን እስኪሰነጠቅ ስንጮህለት፣ እሱ ለማራኒ በረኛ 'ያዛት' እያለ ይለምን ነበር?"

"ገባች አይደል?" አለ አንዱ።

"ብትገባስ! ለምኗል! ልጆቻችንን የሚያሠለጥነው እሱ ነው እኮ! ሕዝቡን ላድርስና እኔም ልደቱ ላይ እገኛለሁ። በሰው መሃል እጠይቀዋለሁ፤ ይናገራታል።"

ቫርላም ብስክሌቱን ጠበቅ አድርጎ አቀፈ። በሪዮኒ ወንዝ ዳር ዳር ተጓዝን። የጉጉሊ ምርቃት ከፊት፣ የቤግላር ማጉረምረም ከመሪው በኩል ይመጣል። እሱ አንዱንም የሚሰማ አይመስልም፤ የብስክሌቷን ፔዳል በጣቱ ወዲያ ወዲህ ያዞራል። ምኞቱ ሁሉ ጎቻን ሳይለምን፣ በነፃ ተፈጽሞለት ነበር። ፊቱ ግን ጎል የገባበት ሰው ፊት ነው።

ዛናቪ መቆሚያው ላይ ስንደርስ አሳልፈው ዘንድ ቀድሜ ወረድኩ። እሱ ደረጃው ላይ ቆመና ወደ ውስጥ ዞረ፤ ያን ለተከላካዮቹ የሚያወጣውን ድምፅ አወጣው።

"ስሙ! ቤግላር፣ አንተም ስማ! ጎቻ ምንም አልለመነኝም። አሠልጣኝ ልሁን ብዬ የፈጠርኩት ወሬ ነው፤ መንገድ ላይ ስለማመደው ነበር። ጎሏን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ስጦታ ነበረች።"

ጆሮዎቹ እንደ በርበሬ ቀልተዋል።

"አላልኩም!" አለ ቤግላር፣ ፊቱ በርቶ። "ጎቻ እንዲህ አያደርግም!" ሬዲዮውን መልሶ ከፈተው።

"አንተ ውሸታም!" ጮኸች ጉጉሊ። "የቱ ነው ውሸቱ? የቅድሙ ነው የአሁኑ?"

"የቅድሙ፣ አክስቴ። ለሊቀመንበሩ እንዲያውም ሰላም በይልኝ።"

ብስክሌቷን ተቀብዬ መሬት አስቀመጥኩለት። አፌ እንቢ ስላለኝ እጁን ይዤ ብቻ ዓይን ዓይኑን አየሁት። እሱም ገባው። የሞተሩ ጩኸት ሸፍኖልን፣ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

"እንዲህ አትየኝ እንጂ፣ ወንድሜ" አለኝ። "እኔ ስሜ ከጠፋ ቆይቷል፣ ለምጄዋለሁ። ጎቻ ግን አይችለውም።"