በግራ በኩል የሚንኳኳው

የድሮ መኪና አይከዳም ይባላል። ይከዳል። ከአዲሱ የሚለየው ክህደቱን ከወራት በፊት ጀምሮ በትንሽ በትንሹ፣ እስኪለመድ ድረስ መፈጸሙ ነው። ስለ አሮጌ ፒክአፕ ጥንካሬ የሚያወሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ አዲስ መኪና የሚነዱ ናቸው። ዌስትላንድስ የሚባለው ሰፈር መንገድ ተዘጋግቶ ጎን ለጎን ስንቆም መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው «የጥንቱ ብረት እኮ ብረት ነው» ይሉኛል። ከዚያ መስኮቱን ዘግተው ወደ ቀዝቃዛው አየራቸው ይመለሳሉ።

የእኔ ፒክአፕ መንገድ ላይ ከሚያስቆሙኝ ፖሊሶች አብዛኞቹን በዕድሜ ይበልጣቸዋል። በሩ ሁለት ነው፤ ከፊት ሦስት ሰው በመከራ ይይዛል፤ ኋላው ክፍት ነው። እዚህ ሰው አገር የምኖርበት ሰፈር ደላላ በሀብታሞቹ ሰፈር ስም ላቪንግተን የሚለው፣ ላቪንግተን ግን የማይቀበለው ሰፈር ሲሆን ሐበሻ ይበዛበታል። ሐበሻ በበዛበት ሰፈር ደግሞ ኋላው ክፍት የሆነ መኪና የባለቤቱ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ድንኳን ሲጓጓዝ፣ ለቅሶ ቤት ወንበር ሲሄድ፣ አንዱ ቤት ሲቀይር ስልኬ ይጮኻል። ቁልፍ መስጠት አይከብደኝም። የሚከብደኝ እምቢ ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ለጋስ የሚል ስም ወጥቶልኛል፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ የብዙ ለጋሶች ታሪክ ይኸው ነው።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቋሚ ደንበኞች ነበሩኝ። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። እሳቸው ጡረታ የወጡ መምህር ሲሆኑ ጋሼ እላቸዋለሁ። ባለቤታቸውን ደግሞ እትዬ። የእትዬ ኩላሊት ሥራ አቁሟል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ፓርክላንድስ ካለ አንድ ሐኪም ቤት ገብተው ለአራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ይታሰራሉ። አንድ ቀን ከቀሩ እግራቸው ያብጣል፤ ሁለት ቀን ከቀሩ ምን እንደሚሆን ማናችንም ጮክ ብለን አናወራም። ጋሼ መኪናውን ወስደው ያደርሷቸዋል፣ ጠብቀው ይመልሷቸዋል፣ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ያስረክቡኛል። መኪናው ሁልጊዜ ታጥቦ ነው የሚመለሰው። ነዳጁም ሲወጣ ከነበረው ከፍ ብሎ።

ኅዳር ላይ አንድ ሰኞ ከሥራ ስመለስ፣ አስፋልቱ ላይ ከተሠሩት ጉብታዎች አንዱን ስሻገር፣ ከፊት በግራ በኩል ቋ አለና መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ፈለገ። ኳኳታውን አውቀዋለሁ፤ ወራት አብረን ኖረናል። መሪውን መንጠቁ ግን አዲስ ነበር። ማታውኑ ለጋሼ ደወልኩና ነገ መኪናው ጋራዥ እንደሚገባ፣ ቢሳካ ከምሳ በፊት እንደማደርሰው ነገርኳቸው።

«አታስብ ልጄ፤ ነገ ሌላ መኪና አለን» አሉኝ። ተገላገልኩ።

ጋራዡ ከአንድ ግድግዳ ጥግ ያለ ባዶ ቦታ ነው። ጣሪያው አንድ የግራር ዛፍ ነው። ፉንዲው፣ እዚህ ባለሙያን እንዲያ ነው የሚሉት፣ የእኔ እኩያ ነው፤ ወገቡም እንደ እኔ ሳያቃስት አይጎነበስም። የመኪናውን ፊት በክሪክ አነሳው፣ የግራውን ጎማ ከላይና ከታች ይዞ ወዘወዘው። ጎማው እንደ ሕፃን ጥርስ ተነቃነቀ። ፉንዲው መወዝወዙን አቆመና አየኝ።

«ምዜ፣ ይሄን የሚነዳው ማነው?» አለኝ፤ ‹ሽማግሌው› ማለቱ ነው።

«እኔና ጎረቤቴ።»

«ከጎረቤትህ ጋር ጠብ አላችሁ?»

«የለንም።»

«እንጃ» አለና ጎማውን ይፈታ ጀመር።

የተበላው ጎማውን ከመኪናው ክንድ ጋር የሚያያይዘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ ነበር። ፉንዲው ቦል ጆይንት ይለዋል፤ አዲስ አበባ የተማርኩት ስሙ ቴስቲና ነው። ማንም አልገዛንም ብለን የምንኮራው ሰዎች መኪናችንን ከኮፈን እስከ ብሎን በጣልያንኛ ነው የምንፈታው። ያም ሆነ ይህ፣ በመዶሻ ብዙ ከተደበደበ በኋላ ወጣና ፉንዲው እጄ ላይ አስቀመጠው። ጤነኛ ቢሆን ኳሱን በጣት ማንቀሳቀስ ባልቻልኩ ነበር። ይሄኛው ባዶ ብርጭቆ ውስጥ እንዳለ ማንኪያ ይንቀጫቀጣል። ውስጡ ግራሶ የሚባል ነገር የለም፤ ዝገትና ቀይ ውሃ ብቻ።

«ትንሽ ቢቆይ ይወልቅ ነበር» አለ ፉንዲው። «ከወለቀ ጎማው ወደ ጎን ይተኛል፤ መኪናው በአፍንጫው ይደፋል። የኳሷ የላስቲክ ሽፋን ተቀዷል። መቀደዱ ያለ ነው። ግን ውሃ በግፊት ገብቶ ግራሶውን ጠርጎታል። ይሄን መኪና ከሥር እንዲህ የሚያሳጥበው ማነው?»

ማን እንደሆነ አወቅኩ። እትዬ ማሽኑ ላይ በሚሆኑባቸው አራት ሰዓታት ጋሼ እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም። የተዋሱትን ዕቃ ከተረከቡት አሳምረው መመለስ ያደጉበት ነው። ሐኪም ቤቱ አጠገብ ካለው መኪና እጥበት ወስደው፣ ከላይም ከሥርም፣ ከሥሩ ደግሞ በደንብ፣ ያስወለውሉታል። በሳምንት ሦስት ጊዜ። ምስጋናቸው ሽፋኑን አልፎ ገብቶ መኪናዬን ከውስጥ በልቶት ኖሯል።

እዚያው ቆሜ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ከፊት በግራ በኩል ሲንኳኳ ሰምተው ያውቃሉ?»

«ትንሽ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ በፊት ይመስለኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዴ! ሰው አክብሮ የሰጠኝን መኪና ነውሩን ልቁጠር? በምን አፌ?»

«ምን አደረጉ ታዲያ?»

«ቀስ አልኩ።»

ቀስ ማለታቸው እንዲህ ነበር፦ ከቤት የሚነሱበትን ጊዜ በአንድ ሰዓት አስቀድመዋል። ጉብታ በመጣ ቁጥር ቆመው እትዬ እጀታውን እንዲይዙ ያደርጋሉ። ኋላ ያለ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ጡሩንባውን ቢያስጮህ፣ ሾፌሩ ቢሳደብ፣ አይሰሙም። እዚህ አገር ሾፌር የሚቀመጠው በቀኝ ነው። እትዬ የሚቀመጡት በግራ፣ ከዚያች ኳስ በላይ ነበር።

ልቆጣቸው አማረኝና አፍሬ ተውኩት። እኔስ አልሰማሁም? ቁልፉን ስሰጣቸው በየጊዜው «ግራው ይንኳኳል» ልል አፌ ላይ ደርሶ መልሼዋለሁ። በእኛ ቋንቋ «መኪናዬ እኮ ትንሽ ችግር አለበት» ማለት «ሌላ ሰው ጠይቅ» ማለት ነው። ብናገር ዳግመኛ አይወስዱትም ነበር። እሳቸው እንዳያስቀይሙኝ፣ እኔ የከለከልኳቸው እንዳይመስል፣ ሁለት ጨዋ ሰዎች ተጋግዘን አንዲት በሽተኛ ሴት በላላ ጎማ ላይ አስቀምጠን ከተማ ለከተማ ስናዞር ከርመናል። ይሉኝታ ሰውን ከሰው ያኖራል የሚሉ አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲሉ ስሰማ ዝም ብዬ አላልፍም።

ፉንዲው ቀኙንም አይቶ ተመለሰ። «ግራውን ብቻ ከሆነ ስድስት ሰዓት ላይ ትወስደዋለህ። ቀኙም ጀምሮታል።»

«ምን ያህል ይቆያል?»

«ወር። ላይቆይም ይችላል። እኔ ፉንዲ ነኝ ምዜ፣ ነቢይ አይደለሁም።»

ሌላ መኪና አለን ብለውኛልና ሁለቱንም ቀይር አልኩት፤ እስከ ማታ እንደሚቆይ እያወቅኩ። አንድ የተገለበጠ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀመጥኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየሁ በኋላ ነው፣ ጋሼ መኪና ያለው ሌላ ሰው ቢያውቁ ኖሮ ዓመት ሙሉ የእኔን እንደማይዋሱ የገባኝ። ለእትዬ ደወልኩ።

«የምን ሌላ መኪና?» አሉ። «እሱ መኪና ያለው ሰው የሚያውቀው አንተን ብቻ ነው። ለእኔ ደግሞ ‹ልጁ አሁን ይደርሳል› ብሎኝ ጫማዬን አድርጌ ከጠዋት ጀምሮ ተገትሬያለሁ።»

«ታክሲ ለምን አልጠራችሁም?»

«ጥራ ስለው ‹ምነው አላመናችሁኝም ብሎ ይቀየመናል› አለኝ። ለመሆኑ ትቀየማለህ?»

«አልቀየምም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ቶሎ ና። ስቀር የሚያብጠው የእሱ እግር አይደለም።»

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። መኪናዬን ሁለት እግሩ ተፈቶ ዛፍ ሥር ትቼ ታክሲ ይዤ ወሰድኳቸው። ዌስትላንድስ ስንደርስ መንገዱ ቆመ። ጋሼ ከፊት ተቀምጠው ሰዓታቸውን በእጅጌያቸው ይሸፍናሉ። እትዬ ከእኔ ጋር ከኋላ ናቸው፤ ቁርጭምጭሚታቸው ከጫማው በላይ ፈሶ ነበር።

ሐኪም ቤቱ የደረስነው ሃምሳ ደቂቃ አርፍደን ነው። ነርሷ ማሽኑን ለሌላ ሰው ልትሰጠው ስትል ነበር የገባነው። ከእትዬ ቀጥሎ የሚገባ በሽተኛ ስላለ አራቱ ሰዓት ሦስት እንደሚሆን ነገረችን። ጋሼ ይቅርታ ጠየቁ፤ እኔም ጠየቅኩ፤ ሁለታችንም በጣም ጥሩ አድርገን ጠየቅን። እትዬ በሩ ላይ ዞር ብለው አዩን።

«አንድ ሰዓቴን ለጨዋነታችሁ ገበርኩ» አሉና ገቡ።

ከውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ጋሼን ሌላ የሰሙት ነገር ካለ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ምንም የለም አሉ። ደግሜ ጠየቅኳቸው። «ፍሬኑ ወደ ቀኝ ይስባል» አሉ፣ መሬት እያዩ። ትንሽ ቆይተው «ዝናብ ሲሆን የእኔ በኩል መጥረጊያ አይሠራም።» ከዚያ «የእሷ በር ከውስጥ አይከፈትም፤ እየዞርኩ ነው የማወጣት።» አሥራ አንድ ነገር ቆጠሩልኝ። እንደ ፈተና ወረቀት በቅደም ተከተል፣ አንዱንም ሳይስቱ። ሁሉንም ጠብቀው ይዘውልኝ ነበር።

የሰው መኪና ይዘህ ከሆነ፣ አሁን ይህን አስቀምጥና ለባለቤቱ ደውል። የሚንኳኳውን ሁሉ ንገረው። ይቀየመኛል ካልክ፣ ይቀየምህ።