ዴልበርት ድልድዩን የዘጋ ዕለት

ካልደር ረን በምትባለው መንደራችን ውስጥ ዴልበርት ያኒክን የማያውቅ ሰው የለም። በዐቢይ ጾም አርብ አርብ በእሳት አደጋ ጣቢያችን አዳራሽ ለሕዝቡ ዓሣ የሚጠብሰው እሱ ነው፤ መጥበሻው አጠገብ ማንም ድርሽ አይልም። ትልቁን የእሳት አደጋ መኪና የሚነዳውም እሱ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እንደ ሁላችንም ያለ ደመወዝ፣ በፈቃደኝነት። እኔ ስቱ እባላለሁ፤ መኪናው ውስጥ ከጎኑ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ስለዚያ ቅዳሜ ሌላ ሰው ምንም ቢላችሁ አትስሙ። ጋቢና ውስጥ የነበርነው ሁለታችን ብቻ ነን።

ነገሩ የሚጀምረው ከፊርማ ነው። ካሪሳ የዴልበርት የሴት ልጁ ልጅ ናት። እናቷ በሦስት ዓመቷ ጥላት ፍሎሪዳ ገባች፤ የዴልበርት ሚስት ደግሞ ቀድማ ሞታለች። ስለዚህ ልጅቷን ለብቻው አሳደጋት። እነዚያ ብረት ሲያነሱ የኖሩ ጣቶቹ ጸጉር መጎንጎን ተምረው ነበር፤ ስንስቅበት «ቅናታሞች» ይለናል። ካሪሳ አድጋ ነርስ ልሁን አለች። ለኮሌጅ የሚሆን ገንዘብ ግን እነሱ ቤት አልነበረም።

ሁለቱ ሕንፃዎች ኒውዮርክ ላይ ከመውደቃቸው አምስት ወር በፊት አንድ ወታደር መልማይ ሳጅን ወጥ ቤታቸው ድረስ መጣ። ጫማው ያበራል፣ ጥርሱ ከጫማው የባሰ ያበራል።

«ጋሼ፣ ብሔራዊ ዘብ ማለት እኮ እርስዎ እንደሚያውቁት ጦር አይደለም» አለ። «በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ሁለት ሳምንት ሥልጠና። ጎርፍ ሲመጣ በጆንያ አሸዋ መሙላት፣ በረዶ ሲቆለል መንገድ መክፈት ነው። የኮሌጁን ነገር ለእኛ ይተዉት።»

ካሪሳ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ስለነበር አሳዳጊ መፈረም ነበረበት። ዴልበርት በወጣትነቱ ቬትናም ዘምቷል፤ የጦር ወረቀት ምን እንደሆነ ያውቃል። ግን ጎርፍ ነው አሉት፤ ጎርፍ ደግሞ እዚህ ሸለቆ ውስጥ በየዓመቱ ይመጣል። ለሳጅኑ የፖም ኬክ ቆርሶ ሰጠውና ፈረመ።

መስከረም ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። ከተጠለፉት አራተኛዋ አውሮፕላን የወደቀችው ከእኛ ተራራ ማዶ ነው። እኔና ዴልበርት መኪናችንን አጋድመን መንገድ ዘግተን ሁለት ቀን ቆምን። ከነፋሱ ጋር የሚመጣውን የነዳጅ ሽታ ዛሬም አልረሳውም። ዴልበርት ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ይህን የምናገረው በኋላ «ላገሩ ግድ የለውም» ያሉት ሰዎች ስላሉ ነው፤ ዓይናችሁ ይፍሰስ ብያቸዋለሁ።

ከዓመት ተኩል በኋላ፣ የክረምቱ በረዶ ሳይቀልጥ፣ የካሪሳ የጦር ክፍል እንዲዘጋጅ ትእዛዝ መጣ። የሚሄዱት ለጎርፍ አልነበረም። የሚሄዱት ቴሌቪዥኑ ሌት ተቀን ወደሚያወራለት ጦርነት፣ ወደ ኢራቅ ነው።

በጾሙ የመጀመሪያ አርብ ዴልበርት ዓሣውን ዱቄት ውስጥ እያገላበጠ ድንገት «ስቱ፣ እስቲ አውሮፕላኖቹን ከጠለፉት ውስጥ ከዚያ አገር የመጣ የአንድ ሰው ስም ጥራልኝ» አለኝ።

«እኔ ስማቸውን የት አውቄ?»

«የለማ! አንድም የለ! ቤቴን ያቃጠለው ጎረቤቴ ሆኖ ሳለ፣ ድሮ የተጣላሁትን የማዶ ሰውዬ ሄጄ እገድላለሁ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።»

የጣቢያው አለቃችን ቨርን ክሪች ድንቹን እያወጣ ነበር። «የዚያ አገር መሪ መርዝ ደብቋል። ካርታ አሳይተዋል፣ ፎቶ አሳይተዋል» አለ።

«ለእኔም በሃያ ዓመቴ ቬትናም ሲልኩኝ ካርታ አሳይተውኛል፣ ቨርን። መርከባችን ሁለቴ ተመታች አሉን። ሁለተኛው ምት ያልነበረ ሆኖ ተገኘ። የሞቱት ጓደኞቼ ግን ነበሩ።»

«ታዲያ ምን ፈልገው ነው የሚዋጉት? ንገረና!»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ? ነዳጅ ይሁን፣ የቆየ ቂም ይሁን፣ ምርጫ ይሁን፣ እነሱ ያውቃሉ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። እኛ ተናደን በሩን ከፈትንላቸው፣ እነሱ ድሮ ያሰቡትን ይዘው ገቡ። እኔ የማየው ምክንያቱ በየሳምንቱ ሲለወጥ ነው። እውነት የያዘ ሰው አንድ ምክንያት ይበቃዋል።»

እኔ ያን ጊዜ በጦርነቱ አምን ነበር፤ አልደብቅም። ደሜ ፈላ። «ካሪሳ ባትዘምት ኖሮ ይህን ሁሉ አትናገርም ነበር!» አልኩት። ምነው አፌን በቆረጠው!

ዴልበርት እጁን በሽርጡ ጠረገ። «ልክ ነህ» አለ። «የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ዝም እል ይሆናል። እሱም ራሱን የቻለ ኃጢአት ነው።»

በማግሥቱ አድርሰኝ አለኝና ወደ ዘቡ ሰፈር ወሰድኩት። ለምን እንደሚሄድ አልነገረኝም። እዚያ ገብቶ ጠረጴዛው ኋላ ለተቀመጠችው የሃምሳ አለቃ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ፊርማዬን መልሱልኝ።»

ልጅቷ የሚቀልድባት መሰላት፤ ፊቱን ስታይ ግን ተወች። «ምን ማለትዎ ነው ጋሼ?»

«ለጎርፍ ነው ብለውኝ ነው የፈረምኩት። ለዚህ አልፈረምኩም። ስሜን አውጡልኝ።»

ዶሴውን አውጥታ አገላበጠች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ያ ነው የባሰው። «አሁን እኮ አሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል» አለችው ቀስ ብላ። «የእርስዎ ፊርማ ያስፈለገው ለመግባት ነበር። ለመውጣት አይሠራም።»

ተመለስን። ቤቱ በር ላይ ስንደርስ የጎረቤት ሴቶች ግቢው ውስጥ ባለችው የሜፕል ዛፍ ላይ ቢጫ ጥብጣብ አስረውለት አገኘን፤ ዘማች ላለበት ቤት የሚደረግ ነው። ከመኪናው አልወርድም አለ። «አሁን ይህን ብፈታው የልጄ ጠላት ነኝ» አለኝ። «ብተወው ደግሞ ውሸታም ነኝ። ምን ይሻለኛል ስቱ?» ሞተሩን አጥፍቼ እጁን ይዤ ወደ ቤት አስገባሁት።

ማታውን እኔ እዚያው እያለሁ ካሪሳ መጣች። ዘቡ ውስጥ የሕክምና ረዳትነት ተምራለች፤ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ እንደ አያቷ ችኮ። ያን ቀን ግን አልሳቀችም።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አለችው። «ቅዳሜ ሽኝት ላይ ሰው ፊት ምንም እንዳትል። አብረውኝ የሚሄዱት ልጆች በእኔ እንዲጠራጠሩ አልፈልግም። እዚያ ከእነሱ ሌላ ማንም የለኝም።»

«አንቺስ ታምኚበታለሽ?»

«ማመን አለማመኔን ማን ጠየቀኝ? ስምህን ጠርተው ቬትናም ዝመት ሲሉህ አንተ ተጠይቀህ ነበር?»

ዴልበርት እሺ አለ።

ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ጢም አለ። የሙዚቃ ባንዱ ተጫወተ፣ ቄሱ ጸለዩ፣ የምክር ቤቱ ሰው ስለ ነፃነት ሃያ ደቂቃ ተናገረ። ዴልበርት የክት ዩኒፎርሙን ለብሶ ግድግዳው ሥር ቆሞ ነበር፤ ቃሉን ጠብቆ ትንፍሽ አላለም። ቨርን ቀረብ ብሎ «ዛሬ ሌላ ሰው ይንዳ፣ ላሳርፍህ» ቢለው «ልጄን እኔ ነኝ የምሸኛት» አለ።

የእኛ አገር ልማድ ይህ ነው፤ ዘማች ሲሄድ የእሳት አደጋ መኪናው ሳይረኑን እያሰማ ከፊት ይመራል፣ አውቶቡሱ ይከተላል፣ የሰው መኪና ከኋላ ይሰለፋል። ከመንደሩ መውጫ የብረት ድልድይ አለ፤ የእኛ ወሰን እዚያ ላይ ያበቃል። መኪናችን ከድልድዩ በፊት ወደ ቀኝ ወጥቶ ይቆማል፣ አውቶቡሱ አልፎ ይሄዳል፣ እኛ ሰላምታ እንሰጣለን። በአያቶቻችን ጊዜም እንዲሁ ነበር።

ሕፃናት ግራና ቀኝ ባንዲራ እያውለበለቡ ይጮኻሉ። ዴልበርት ቀስ ብሎ ይነዳል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ወደ ቀኝ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ቀጥ ብሎ ገባ። መሐል ላይ መሪውን ጠመዘዘና ያን የሚያህል መኪና አጋድሞ ድልድዩን ዘጋው። ከዚያ ሞተሩን አጠፋና ከመቀመጫው አጠገብ ያለውን የባትሪ ማብሪያ ማጥፊያ ዘጋው። ሳይረኑም፣ ሬዲዮውም ጸጥ አሉ፤ መብራቱም ጠፋ። ከሥራችን የወንዙ ድምፅ ተሰማ።

«እንዴ! ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«አንተ ሰውዬ፣ አውቶቡሱ እኮ…»

«አየሁት።»

«እስከ መቼ ልትቆም ነው?»

«አላውቅም ስቱ» አለኝ። «ያሰብኩት እስከዚህ ድረስ ነው።»

የአውቶቡሱ ሾፌር ጥሩምባ ነፋ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ተወ። ማብሪያው ከእኔ ጉልበት አንድ ክንድ አይርቅም። ዘርግቼ መልሼ ማብራት እችል ነበር። በጦርነቱ የማምን ሰው ነኝ፣ ግን እጄ እንቢ አለኝ። ምን እንደያዘኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በመስታወቱ የአውቶቡሱ በር ሲከፈት አየሁ። ካሪሳ ወረደች። የለበሰችው የአሸዋ መልክ ያለው ዩኒፎርም አዲስ ስለሆነ ሰፍቷታል። ሁሉም እያያት ብቻዋን ድልድዩ ላይ መጣችና በእሱ በኩል በሩን አንኳኳች። ዴልበርት መስኮቱን በእጁ እያዞረ ዝቅ አደረገው።

«አባባ፣ አንሳው።»

«ውሸት ነው እኮ ልጄ። የሚወስዱሽ በውሸት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ነይ ግቢ። እስር ቤት ቢሉሽ እኔ በየሳምንቱ ስንቅ ይዤ እመጣለሁ። ውርደት ቢሉ ውርደቱ የእኔ ነው። ሕይወትሽ ይትረፍልኝ እንጂ ሌላው ምን አባቱ!»

ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። «አውቶቡሱ ውስጥ ሠላሳ አንድ ልጆች አሉ። ሲቆስሉ ደም ማቆም የተማርኩት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ብወርድ እነሱ አይወርዱም።»

«ካሪ…»

«የፈረምከው አንተ ነህ» አለችው። ድምፅዋ አልጮኸም፤ እጇን ግን ከመስኮቱ አላነሣችም። «አሁን መንገድ ልቀቅልኝ።»

ዴልበርት አያት። እሷም ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ከዚያ እጁን ወደ ታች ሰደደና ማብሪያውን መለሰው። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ። ወደ ዳር አወጣን። ካሪሳ ተመልሳ ተሳፈረች፤ አውቶቡሱ አለፈ። ሰላምታ መስጠት ነበረብን፤ የሰጠሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ቨርን ከኋላው መኪና ወርዶ እየሮጠ መጣ። ፊቱ ቀልቷል። ዴልበርትን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከኋላችን የተሰለፈውን ሕዝብና ካሜራ ያንጠለጠለውን የጋዜጣ ልጅ አየ። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ባትሪው ነው አይደል? ይሄ አሮጌ ባትሪ ጉድ ሠራን!» አለ።

ዴልበርት አፉን ከፈተ። እውነቱን ሊናገር እንደሆነ ገባኝ። እውነቱን ቢናገር ነገ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ጦር ሰፈር ይደርሳል። ይህንንም ሲያስብ ከፊቱ አነበብኩ። አፉን መልሶ ገጠመ።

«አዎ» አለ። «ባትሪው ነው።»

ሰዉ አጨበጨበለት። ወይ ጉድ! ሴቶቹ አቀፉት፤ «ምስኪን፣ በልጁ ቀን ሞተሩ ጠፍቶበት» አሉ። በሳምንቱ ቨርን ምንም ያልሆነውን ባትሪ አስወጥቶ አዲስ አስገባ። ዴልበርት ቆሞ መብራት ያዘላቸው። ጦርነቱም በዚያው ሳምንት ተጀመረ።

የጾሙ አምስተኛ አርብ ዴልበርት አዳራሹ የደረሰው አርፍዶ ነው። በሕይወቱ አርፍዶ አያውቅም። ሽርጡን ሳያስር ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ጠዋት ደወለች» አለኝ። «ከሥልጠናው ሰፈር። ነገ ወደ ኢራቅ ይበራሉ።»

«ደህና ናት?»

«ልጆቹ እስከ ዛሬ የዚያ ሽማግሌ መኪና እያሉ ይስቃሉ አለችኝ። እሷም አብራ ትስቃለች።» ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ ሊደብቀውም አልሞከረም። «ከዚያ… ‹አባባ፣ እዚያ ድልድዩ ላይ፣ መኪናህ በር ጋ ቆሜ እጄን ትይዘዋለህ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ብትጎትተኝ እገባ ነበር። ለምን እሺ አልከኝ?› አለችኝ።»

ውጭ ሰው መሰለፍ ጀምሯል።

«ምን መለስክላት?» አልኩት።

«ምን ብዬ! ሰዓቷ አለቀ» አለኝ። «ከኋላዋ ሌላ ልጅ ስልኩን ሊወስድ ቆሞ ነበር።»