ስል ጠርዝ

የሥራ ባልደረቦቹ «ሚሊሜትር» ይሉታል። ሚስቱ ሥዕል ስትሰቅል እንኳ «ትንሽ ወደ ግራ» እያለ ነፍሷን ያወጣታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ የጥርስ ቤተ ሙከራ መስኮት በሌለው ምድር ቤት ተቀምጦ፣ በተሞረደ ጥርስ ላይ እንደ ቆብ የሚጠለቀውን ክራውን ሲሠራ ኖሯል። የታካሚ ፊት አያይም፤ የሚደርሰው የጥርሱ የጄሶ ቅጂና ቁጥር ያለበት ወረቀት ብቻ ነው።

ሐኪሙ ጥርሱን ሲሞርድ ድዱ አጠገብ ዙሪያውን ለስላሳ እርከን ካበጀለት፣ ክራውኑ እዚያ ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል። ጠርዙ እንደ ቢላ ስል ሆኖ ከቀረ ግን ክራውኑ የት ማለቅ እንዳለበት አይለይም። ወይ ወፍሮ ድድ ይገፋል፣ ወይ ክፍተት ትቶ ጥርሱን ከሥር ያበሰብሳል።

ከአንድ ክሊኒክ የሚመጣው ጄሶ ሁሌም ስል ነበር። ማስታወሻ ጻፈ፣ ስልክ ደወለ። ሐኪሙ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀው እንደሆነ ነግሮ ዘጋበት። የቤተ ሙከራው ባለቤትም ደንበኛ እንዳያስቀይም አስጠነቀቀው። ከዚያ ወዲያ አፉን ይዞ፣ ጠርዙን በግምት እየሞላ ይልክ ጀመር።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ጉንጯ አብጦ ቤቱ መጣች። በባትሪ አፏን አየላት። መንጋጋዋ ላይ ያለው ክራውን የገዛ እጁ ሥራ ነበር፤ አቀራረጹን አላጣውም። ከጠርዙ ሥር ጥርሱ ጠቁሮ በስብሷል።

«እታለም፣ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ላስቸግርህ አልፈለግኩም። ደግሞ ክሊኒኩ ሥራውን እናንተ ጋ እንደሚያሠራ ሲነግሩኝ ደስ አለኝ።»

ጥርሱ አልተረፈም፤ ተነቀለ። በሳምንቱ ቤቷ ሄዶ ሁሉንም ነገራት።

«አውቀህ ነው የላክኸው?»

«ያንቺ መሆኑን አላወቅኩም።»

«የሌላ ሰው ቢሆንስ?» አለችው።



በማግስቱ ከዚያ ክሊኒክ የመጡትን አራት ጄሶዎች መልሶ ላካቸው። በቀጣዩ ሳምንትም እንደዚያው አደረገ። ወሩ ሳይሞላ የቤተ ሙከራው ባለቤት ከክራውን ሥራ አንሥቶ ቅርጽ ውስጥ ጄሶ ማፍሰስ ላይ መደበው። በእሱ ወንበር የተተካችው ሴት ጎበዝ ናት፤ ምንም ቢመጣላት ሠርታ ትልካለች።

እህቱ አሁንም እየመጣች ትጠይቀዋለች። በግራ በኩል ብቻ ታኝካለች፤ እሱም ስትበላ አያያትም።