ያሳሰረችኝ ሴት

ፖሊሶች የወሰዱኝ እያስተማርኩ ነው፤ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። አቃቂ በሰቃ፣ ከብየዳ ቤቶቹ ጀርባ የቤተ ክርስቲያናችን ሚሽን በተከራየው ግቢ ውስጥ፣ ጠዋት የጉልት ነጋዴዎችንና የቀን ሠራተኞችን ልጆች አስተምራለሁ፤ ከሰዓት እናቶቻቸውን ፊደል አስቆጥራለሁ። ሰፈሩ ይፈርሳል ሲባል እናቶቹ እዚያው ተሰብስበው ልጆቻችን የት ይማራሉ ብለው ተጨነቁ። ወረዳ ሄዳችሁ ጠይቁ አልኳቸው። ያልኩት ይህን ብቻ ነው።

ጣቢያ ስደርስ መርማሪው ሌላ ነገር ነገረኝ። በሃይማኖት ሽፋን ሕዝብ አነሳስቻለሁ፤ ድንጋይ አዘጋጁ ብያለሁ። ይህን የመሰከረችብኝ የልጆቹን ምሳ የምታበስልልን ሴት ነበረች። ስንት ዘመን ከአንድ ትሪ በልተናል። የወረዳ ሰዎች ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቤት ይሰጥሻል ብለዋት ነው አሉ።

ክፍሉ በጎን ካልሆነ አያስተኛም። የሽንት ባልዲው በሩ ሥር ነው፤ አዲስ የመጣች እስረኛ እሱ አጠገብ ትተኛለች። እዚያ ተኝቼ የማስበው ያቺን የመሰከረችብኝን ሴት ብቻ ነበር። ስጸልይ አፌ ይቅር በለን ይላል፤ ልቤ በፀጉሯ ይዞ ይጎትታታል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በሩ ተከፈተና እሷው ገባች። ቤቱን ሲከለክሏት ወረዳ ሄዳ ጮኸች፤ ሕዝብ አነሳሳሽ ብለው አመጧት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ቆመች። የክፍላችን ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ ታሪኩን ከእኔ ሰምታለችና፣ የት ትተኛ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ያን ጊዜ ወደ ግድግዳው ጥግ ተዛውሬ ነበር።

"ባልዲው ጋ" አልኩ።

ከታሰርኩ ወዲህ እንደዚያን ቀን ምሳ ጥሞኝ አያውቅም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሌሎቹ ፀሐይ ሊሞቁ ሲወጡ ቀረብ አለችኝ።

"ቲቸር፣ አንቺ የእግዚአብሔር ሰው ነሽ። ይቅር በይኝ።"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ሻይ አዘዘልኝ፤ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ከዚያ ወደ ነገሩ ገባ።

"ድንጋይ አዘጋጁ ስትል የሰማሁት እሷን ነው በይ። ነገ ቤትሽ ነሽ።"

ስመኘው የከረምኩት እጄ ላይ መጣ። በእኔ ላይ ያወጣችውን ያንኑ ቃል እሷ ላይ መመለስ ብቻ ነበር። ሻዩን ሳልነካው ወደ እሱ ገፋ አደረግኩት።

"ዋሽታብኛለች። ይህን የትም እመሰክራለሁ። ድንጋይ ስትል ግን አልሰማኋትም።"

አዝነሽላት ነው ወይ አለኝ። አላዘንኩላትም አልኩት፤ እሷን መስዬ ከዚህ አልወጣም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ምን እንዳልኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እግሬን ልትስም ጎንበስ ስትል እግሬን ሰበሰብኩ።

"ይቅር አላልኩሽም" አልኳት። "ያልሠራሽውን አልለጥፍብሽም፤ የሠራሽውንም አልረሳልሽም።"

ከእኔ በፊት ተፈታች፤ እኔም በኋላ ወጣሁ። አሁን ሰፈሩ ፈርሷል፤ እኛ ገላን ኮንዶሚኒየም አንድ ምድር ቤት ተከራይተን ማስተማር ቀጥለናል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ደጋግመው መጥተዋል። መልሴ አንድ ነው፤ ትምጣና እናቶቹ ፊት ቆማ፣ ዋሽቻለሁ ትበል። እስካሁን አልመጣችም። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቶቹ ሲሰበሰቡ ዓይኔ በሩ ላይ ነው። ይቅር እላት እንደሆነ አላውቅም። ያን ቃል ስትናገር ግን ፊቷን ማየት እፈልጋለሁ።