ናፍጣው የሚያልቅበት ዳገት

ጥር 13 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስንዴ የጫነ አንድ የጭነት መኪና ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ተነሳ። የናፍጣ ጋኑ እስከ አፉ ተሞልቷል። ክዳኑ በሽቦ ታስሮ በእርሳስ ማኅተም ታሽጓል። ጋቢናው ውስጥ የነበርነው ሾፌሩና እኔ ብቻ ነን።

ደሴ የሄድኩት ለጋዜጣ ሥራ ነው፤ የእርዳታው እህል ከዋናው መንገድ ርቀው ላሉት ወረዳዎች መድረስ አለመድረሱን ለመጠየቅ። ድርቁ ጋብ ብሏል ይባል ነበር። በምዕራቡ ደጋ ግን ከብቱን ሸጦ የጨረሰ፣ ዘሩን የበላ ገበሬ ብዙ ነበር። ጥያቄዬን ይዤ የገባሁበት የማጓጓዣ ክፍል አዲስ ኃላፊ አግኝቷል። ከለውጡ በኋላ ከጦሩ የተመደበ መቶ አለቃ ነው። እኔ ስገባ ሾፌሩ ፊቱ ቆሞ ነበር።

ነገሩ ይህ ነው። የመኪናው አምራች ያዘጋጀው መጽሐፍ፣ መኪናው በአንድ ሊትር ናፍጣ አምስት ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል። ሾፌሩ ወደ መካነ ሰላም በተመላለሰባቸው ጉዞዎች ግን በሊትር ከሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሄዶ አያውቅም። መቶ አለቃው ልዩነቱ የት እንደገባ ማወቅ ፈልጓል። በዚያ ወራት የረሃብተኛውን ድርሻ ነክቷል የተባለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ለማንም ግልጽ ነበር፤ ለሾፌሩም እንዲሁ።

መቶ አለቃው ጨካኝ ሰው አልነበረም። ጋኑ ይሞላል፣ ይታሸጋል፣ መኪናው ደርሶ ይመለሳል፣ ከዚያ እንደገና እስከ አፉ ይሞላል፤ መልሶ የገባው ናፍጣ መኪናው የበላው ነው። የበላው ሾፌሩ እንዳለው ከሆነ ነገሩ እዚያው ይዘጋል። መጽሐፉ እንዳለው ከሆነ ግን ሾፌሩ ስለ ቀደሙት ጉዞዎች ለፖሊስ ይሰጣል። ይህን ሁሉ ሾፌሩ ፊት ተናገረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ለማንም የማይወግን ዓይን ቢኖር ጥሩ ነው አለ። እሄዳለሁ አልኩ።

ሾፌሩ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው የኩታበር ሰው ነው። ጣሊያን ጥሎት በሄደ መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ነው ሥራውን የጀመረው። የመጀመሪያውን ሰዓት ምንም አልተነጋገርንም። እኔ የምከታተለው አንድ ነገር ነበር። የተበላው ናፍጣ እንዲበዛለት የሚፈልግ ሾፌር፣ ያለ ምክንያት የነዳጅ መስጫውን ሊረግጥ ይችላል። ስለዚህ እግሩን አየሁ። የጉጉፍቱን አቀበት ስንወጣ ነቃብኝ።

"እግሬን ነው የምታየው?" አለኝ።

አዎ አልኩት።

"እይ፣ እይ። ጫማው ግን የውሰት ነው፤ እሱን እንዳትጽፍ።"

ከዚያ በኋላ መናገር ጀመረ፤ እኔም መጠየቅ። የነገረኝን ሁሉ እንደ ማስረጃ አልያዝኩትም። በዓይኔ ያየሁት ግን ይኸው ነው። ከደሴ እስከ አቀስታ መኪናው ከሦስተኛ ማርሽ በላይ የሄደበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዳገት ላይ አህያ ይዘው ወደ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች ጎን ለጎን ሄደው ሰላምታ ሰጥተውን ጥለውን ያልፋሉ። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ናፍጣው በቅጡ ሳይነድ ጥቁር ጭስ ሆኖ በኋላችን ይቀራል። ወንዝ መሻገሪያው ላይ ድንጋይ እስክናነሳ ሞተሩ ይሠራል። አቀስታ አድረን ስንነሳ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ፣ እስኪሞቅ ድረስ ካፖርቱን ተከናንቦ ቆመ። አንድም ክንድ ሳንሄድ ናፍጣው ይነድ ነበር።

መጽሐፉ ዋሽቷል ማለት አልችልም። መጽሐፉን የጻፈው ሰው የለካው በሆነ መንገድ ላይ ነው፤ ያ መንገድ ደግሞ ይኼኛው አይደለም። እስከዚያ ድረስ የሾፌሩ ቃል የሚጸና ይመስለኝ ነበር። እሱም እንደዚያው ያሰበ መሰለኝ፤ ከአቀስታ ከወጣን በኋላ ማንጎራጎር ጀምሯል።

"ቆይ፣ ዳገቱ ጋ ስንደርስ ታያለህ" አለኝ። "ናፍጣው የሚያልቀው እዚያ ነው። ባለፈው ሁለት ቀን ተኝቼበታለሁ።"

ዳገቱ ከመካነ ሰላም ወዲህ ነው። አናቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። መንገዱ ከሥር ጀምሮ ይጠማዘዛል፤ ድንጋዩ ልቅ ነው። በአንደኛ ማርሽ ካልሆነ አይወጣም፤ በአንደኛም ጎማው ይዞራል።

ሥሩ ስንደርስ ሰው ቆሞ ጠበቀን። ወንዱም ሴቱም አለ። አህዮች አሉ። የታመመ ሰው የሚወሰድባቸው ቃሬዛዎች መሬት ላይ ተደርድረዋል። ከፊት የቆሙት የደብሩ ቄስ ናቸው። እንደ ነገሩኝ፣ መኪናው ባለፈው ዳገቱ ላይ ሲያጓራ አድሮ ሲያጓራ ሲውል ቆመው ከማየት በቀር ምንም ሳያደርጉ በመቅረታቸው ሰዉ አፍሯል። ከትናንት ወዲያ ለሚካኤል ሲሰበሰቡ ተማከሩ። አጨዳ ላይ ለደከመ ጎረቤት ወንፈል ይወጣ የለም ወይ? ለመኪናውም ይወጣለታል ተባለ። ጭነቱን ሥሩ ላይ አውርደው፣ በአህያና በቃሬዛ አናቱ ድረስ አድርሰው፣ መኪናው ባዶውን ከወጣ በኋላ መልሰው ሊጭኑት ነው።

ጎልማሶቹ እኛ ከጋቢና ሳንወርድ የኋላውን በር ከፍተው ሸራውን መፍታት ጀምረዋል።

ሾፌሩ ወርዶ ለቄሱ እጅ ነሳ። "አባ፣ ይተዉት። ዛሬ መኪናው ራሱ ይውጣው።"

"ባለፈው ሁለት ቀን ተኝቶብህ የለ?"

"ዛሬም ይተኛ። ዛሬ ናፍጣውን መብላት አለበት።"

ቄሱ መኪናውን ከላይ እስከ ታች አዩት። "በዚህ ሁለት ዓመት የሚበላ የሚለምን ሰው ነው ያየሁት። ብላ ተብሎ የሚለመን መኪና ገና ማየቴ ነው።"

ሰዉ ሳቀ። አህያ የያዘች አንዲት ሴትዮ፣ "ሚስትህም ሸክም ስትቀበልህ እንዲህ ትቆጣታለህ?" አለችው።

"ሸክም ይዤ ገብቼ አላውቅም" አላት።

"እንግዲያ ዛሬ ልመድ።"

ሾፌሩም ሳቀ፤ ከዚያ ግን ቄሱን እጃቸውን ይዞ ወደ ጋኑ ወሰዳቸውና ማኅተሙን አሳያቸው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው። እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ።

"አባ፣ ይኼ የታሸገው እኔን ሊመዝን ነው። ደሴ ስመለስ ይሞሉታል። ጥቂት ከገባበት፣ በፊት የበላውን ሰርቀህ ነው ተብዬ እታሰራለሁ። እናንተ ባገዛችሁኝ ቁጥር እኔ ሌባ እሆናለሁ።"

ቄሱ ማኅተሙን በጣታቸው ነኩት። እኔ ማን እንደሆንኩ ጠየቁ፤ ነገራቸው። ሰዉን ለመመለስ ዞር ሲሉ ግን አራት ሰዎች ጆንያ የጫኑበትን ቃሬዛ ትከሻቸው ላይ አድርገው የመጀመሪያውን ጥምዝ አልፈዋል። ወደ ኋላ አላዩም። የሁለቱ ቅልጥም ከቃሬዛው እንጨት አይወፍርም።

"ልጥራቸው?" አሉ ቄሱ።

ሾፌሩ ወደ ዳገቱ አየ። አናቱ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ፣ ቁጭ ብሎ እህሉን የሚጠብቅ ሌላ ብዙ ሰው ነበር። ከትናንት ጀምሮ እዚያ ናቸው ተብለናል።

"ይተዉአቸው" አለ።

ጋቢና ገብቶ እስኪራገፍ ድረስ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ "ይኼንንም ትጽፈዋለህ?" አለኝ። ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ አልኩት። "ጥሩ" አለ።

ባዶው መኪና ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ወጣው። ጭሱ ቀጭን ነበር፤ ጎማውም አልዞረም። እኔ ከኋላ ከተሸካሚዎቹ ጋር በእግሬ ወጣሁ። ጠዋት ምን ቀምሰው እንደመጡ ጠየቅኳቸው። አንዱ ቆሎ አለ። ሌላው፣ ያ ትናንት ነው ብሎ አረመው። በየጥምዙ ቃሬዛውን አውርደው ይቀመጣሉ፤ ሲነሱ ትከሻ ይቀያየራሉ። በዚያ ጉዞ ላይ መኪናው የሚበላውን ለመለካት ነበር የተላክሁት። ሰዎቹ የበሉትን የሚለካ አልነበረም፤ እኔም ያን ጊዜ የጠየቅኩት ከጋዜጠኛ ልማድ ነው እንጂ ጥያቄው የት እንደሚያደርስ አስቤ አይደለም። እህሉ ሁሉ አናት ሲደርስ ከሰዓት ሆኗል። አንድም ጆንያ አፉ አልተፈታም።

መልሰው ጭነው ከጨረሱ በኋላ ቄሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰብስበው ሾፌሩን ጠሩት። አስበውበታል። መፍትሔው ቀላል ነው አሉት።

"አብሽር። ስትመለስ ባዶ አይደለህ? ዳገቱን ከወረድክ በኋላ ሥሩ ላይ እኛ እንጠብቅሃለን። በጆንያው ፈንታ እኛ እንጫንና መልሰህ ውጣው። ዛሬ የተረፈውን ያን ቀን ይበላዋል። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልዋሸም።"

ሾፌሩ እኔን አየኝ። ይህም ቢሆን እንደሆነው እጽፈዋለሁ አልኩ፤ መቶ አለቃው ይቀበለው አይቀበለው ግን የማውቀው ነገር አልነበረም። ሾፌሩ ዞሮ ጆንያዎቹን አየ። ከዚያ ቅጥሩ ሥር የተቀመጠውን ሰው አየ። ሴቶቹን፣ ቃሬዛ የተሸከሙትን፣ ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደረጉትን ሽማግሌዎች አየ። በዓይኑ ይመዝን እንደነበር የገባኝ ሲናገር ነው።

"አባ" አላቸው፣ "ስንዴው ከእናንተ ይከብዳል።"

ቄሱ ወደ ሰዉ አይተው ከድንጋዩ ተነሱ፤ ምክሩም እዚያው ቀረ።

የዚያኑ ቀን መካነ ሰላም ገብተን እህሉ ተራገፈ። ሐሙስ ባዶውን ተመለስን፤ ዳገቱን ስንወርድ መንገድ ላይ ማንም አልነበረም። ዓርብ ደሴ ደረስን። ማኅተሙ ሳይነካ መድረሱን መቶ አለቃውና እኔ አየን። ጋኑ ተሞላ። መኪናው በሊትር ሦስት ኪሎ ሜትር ከሩብ ሄዷል። ከመጽሐፉ ያንሳል፤ ከሾፌሩ ቃል ይበልጣል።

መቶ አለቃው ብዕሩን አስቀምጦ እኔን ጠየቀኝ። የዳገቱን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። እዚያ ላይ ስንት ሊትር ተረፈ አለኝ። አልተለካም፣ አላውቅም አልኩ። ሾፌሩን ጠየቀው። ሾፌሩ ደስ ያለውን ቁጥር መናገር ይችል ነበር፤ ፊቱን አይቼ የሚናገር መስሎኝ ነበር፤ ግን እሱም አላውቅም አለ።

"እንግዲያ ልኬቱ ልኬት አይደለም" አለ መቶ አለቃው። "የሚቀጥለውን እኔ አብሬው እሄዳለሁ። ጭነቱን ግን ማንም እንዳይነካው።" እስከዚያ ሾፌሩ ከግቢው እንዳይወጣ ታዘዘ።

እኔ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ስለ እህሉ የጻፍኩት ታተመ። ስለ ናፍጣው የጻፍኩት አንቀጽ ቦታ አላገኘም።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ እንደገና ወደዚያ የሚያስኬድ ሥራ አገኘሁ። መቶ አለቃውን ደሴ፣ ሾፌሩን መንገድ ላይ፣ ቄሱን ደብራቸው አግኝቼ ለየብቻ ጠየቅኳቸው። ሦስቱ የነገሩኝ አንድ ነው። ሾፌሩ ከመቶ አለቃው ጋር ከመነሳቱ በፊት ወደ አቀስታ ገበያ በሚሄዱ ሰዎች ለቄሱ መልእክት ልኳል፤ እባካችሁ አታግዙኝ የሚል። መኪናው ዳገቱ ሥር ሲደርስ ሰዎቹ ከመንገዱ ወጥተው ተሰልፈው ቆመዋል። ቃሬዛ አልያዙም። መቶ አለቃው ወርዶ ሰላም ብሏቸዋል፤ ሰላም ብለውታል። መኪናው ሙሉ ጭነቱን እንደያዘ ዳገቱን ጀመረ። ከሁለተኛው ጥምዝ በላይ ቆመ። ሰዎቹ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ሾፌሩና መቶ አለቃው ጎማው ሥር ድንጋይ ሲያነጥፉ አመሹ፤ መኪናው እዚያው አደረ።

ደሴ ሲመለሱ ጋኑ ተሞላ። በሊትር ሁለት ኪሎ ሜትር ከሩብ ሆነ። ሾፌሩ በማግስቱ ሌላ ጭነት ተሰጠው።

ስንዴው መካነ ሰላም የገባው መኪናው ዳገቱ ላይ ባደረ በማግስቱ፣ ከሰዓት በኋላ ነው።