ማሽኑ ነው እንጂ እኔ አልዘገየሁም

ሠላሳ ስምንት ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ። ከዲክሲስና ከጎበሳ ገብስ እየጫንኩ አሰላ ማራገፍ ነበር ሥራዬ። ጭቃውን አውቀዋለሁ፣ ጉሙን አውቀዋለሁ፣ በገበያ ቀን መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ሰላምታ የሚለዋወጠውን ሰው አውቀዋለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ሰው አልገጨሁም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ታዲያ አንድ ጠዋት ከአልጋዬ ልነሳ ስል ግራ እጄ እምቢ አለኝ። ስትሮክ ነው አሉ። ሆስፒታል ተኛሁ፣ ወጣሁ፣ እጄም እግሬም ቀስ በቀስ ተመለሱልኝ። ያልተመለሰልኝ የመኪናዬ ቁልፍ ነው።

ቁልፉን የያዘችው ልጄ ናት። ነርስ ናት፣ እዚሁ አሰላ ትሠራለች፣ እናቷ ካረፈች ወዲህ የምንኖረው አብረን ነው። እስክትድን ብቻ ነው አባዬ አለችኝ። ዳንኩ። አሁንስ ብላት፣ እናያለን አለች። የሆስፒታል ሰው እናያለን ካለ ምን ማለቱ እንደሆነ እኔም ተኝቼበት ስለወጣሁ አውቃለሁ። መኪናዬ ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ቆመ። እኔም ባትሪውን ፈትቼ ቤት አስገባሁት፤ ቆሞ የሚከርም መኪና ባትሪው ካልተፈታ ይሞታል።

መስከረም ላይ ታናሽ ወንድሟ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ መጣና የራሱን ላፕቶፕ ትቶልኝ ሄደ። የጌም ላፕቶፕ ነው። ወፍራም፣ ከባድ፣ ፊደሎቹ ከሥራቸው ቀይ የሚያበሩ። ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር መሪ አለው፤ ከሥር ደግሞ ነዳጅና ፍሬን። የጭነት መኪና የሚነዳበት ጌም ጭኖልኝ፣ እጅህን ታፍታታበታለህ አባዬ አለኝ። ሳየው ሳቄ መጣ። መንገዱ የሰው አገር መንገድ ነው፤ አህያ የለ፣ ጋሪ የለ፣ ባጃጅ የለ። ይሄ ደግሞ መንዳት ነው እንዴ ብዬ አጣጣልኩት። በሦስተኛው ቀን ግን ለምሳ ሦስት ጊዜ ተጠርቼ አልሰማሁም።

ልጄ ይህን አየችና አንድ ቀን ውል አቀረበችልኝ። እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ እያየች፣ ጌሙ ላይ ከአንዱ ከተማ ጭኜ ሌላው ከተማ ምንም ሳልነካ ካደረስኩ ቁልፉን ትመልስልኛለች፤ ለመንጃ ፈቃዱ የጤና ምርመራም ራሷ ይዛኝ ትሄዳለች። ካልሆነ ግን መኪናውን ሌላ ሾፌር ይይዘዋል። ሾፌሩን አግኝታለች። የገብሱ አጨዳ እንዳለቀ፣ በኅዳር መጨረሻ ሰኞ ይጀምራል። እኔ በሕይወት እያለሁ በመኪናዬ ላይ ሌላ ሰው! ደሜ ፈላ። እሺ አልኳት፣ ተስማማን።

ጉዱ የመጣው እንግዲህ በዚያ ሰሞን ነው። ደህና ይሄድ የነበረው ጌም መዝለል ጀመረ። መሪውን አዞራለሁ፣ መኪናው ቆይቶ ይዞራል። ፍሬን እይዛለሁ፣ ሥዕሉ ቀጥ ይልና ዓይኔን ጨፍኜ ስከፍት ግንብ ውስጥ ገብቼ እገኛለሁ። ልጄ ለፈተናው የተቀመጠች ቀን ሦስት ጊዜ ገጨሁ። ማሽኑ እየዘለለ ነው፣ እኔ በጊዜው ነው ያዞርኩት አልኳት። "እሺ አባዬ" አለችኝ። ይቺን እሺ አውቃታለሁ። ሆስፒታል አጠገቤ ተኝቶ የነበረውን፣ ዛሬ ወደ ቤቴ ልሂድ እያለ ያስቸግር የነበረውን በሽተኛ፣ ነርሶቹ እሺ አባባ ይሉት የነበረበት እሺ ናት። አንጀቴ አረረ። ከጮህኩባት ደግሞ በሽታው ነው ልትል ነው።

በማግስቱ ላፕቶፑን ተሸክሜ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ገበያው አጠገብ ጠባብ ሱቅ ያለው የኮምፒውተር ጠጋኝ አለ፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሥራውን የሚያውቅ፣ ሲጨንቀው ወደ ኦሮምኛ የሚዞር። እኔም በዚያው እመልስለታለሁ። አየው አየውና፣ ፕሮሰሰሩ ነው አለኝ። ፕሮሰሰር ማለት ሞተሩ ነው፤ ከመጠን በላይ ሲሞቅ እንዳይቃጠል ራሱን በራሱ ያዘገያል። ይህንማ እኔን ማን ያስተምረኛል? ዳገት ላይ ውሃው ሲፈላ እግሬን ከነዳጁ አንስቼ የወጣሁት ስንቴ ነው። ከፈተው፣ አቧራውን ነፋ፣ የጥርስ ሳሙና የመሰለ ነጭ ቅባት ቀየረለት፣ ዘጋው። ስክሪኑ ጥግ ላይም ሁለት ቁጥር አወጣልኝ፤ አንዱ ሙቀት፣ አንዱ ፍጥነት። ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት ፍጥነቱ ከሦስት በላይ መውጣት አለበት አለኝ።

ቤት ወስጄ አስነሳሁት። ዜሮ ነጥብ ሰባት ዘጠኝ።

ተመለስኩ። ፎርማት አደረገው። ዜሮ ነጥብ ሰባት ዘጠኝ። ተመለስኩ። ከሥሩ ማራገቢያ ያለው ማስቀመጫ ሰጠኝ፣ ብርዱ እጄን እስኪያደነዝዘኝ ያርገበግባል። ዜሮ ነጥብ ሰባት ዘጠኝ። ልጄ ከሥራ ስትገባ ቁጥሩን አየት አድርጋ፣ "ማሽኑም አርጅቷል አባዬ፣ ዕረፍት ይፈልጋል" አለች። ማሽኑም! ያቺን "ም" በደንብ ሰማኋት። እልህ ያዘኝ። ይሄን ነገር ካላገኘሁት ሰው አይደለሁም አልኩ።

ደብተር አወጣሁና ጠዋት ገና ስከፍተው፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እያልኩ ሁለቱን ቁጥሮች መጻፍ ጀመርኩ። ሦስት ቀን ጻፍኩ። የሚሞቅ ሞተር መጀመሪያ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ ነው የሚደክመው። የእኔው ግን ገና ከበሩ አይወጣም። የአሰላ ጠዋት ብርድ ላይ፣ ብረቱን ስዳስሰው የወንዝ ድንጋይ እስኪመስል ቀዝቅዞ እያለ፣ ያኔውኑ ዜሮ ነጥብ ሰባት ዘጠኝ ነው። ሙቀቱም ከአርባ ብዙ አይርቅም። ይሄ የሙቀት ሳይሆን የነዳጅ ችግር ነው አልኩ። ነዳጅ አልደረሰውም፣ ወይም የሚያንቀው ነገር አለ።

ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። ጠጋኙ ሲያየኝ ትከሻው ወረደ። አባባ፣ የጌም ላፕቶፕ ሁሉ ይሞቃል አለኝ። ንካው አልኩት። ነካው። ደብተሩንም አሳየሁት። ጆሮ ግንዱን አከከና፣ በእርግጥ አልሞቀም አለ። አልሞቀም! ከሁለት ሳምንት በኋላ! ቻርጀሩ ይሆናል ብሎ ሌላ ትልቅ ቻርጀር ሰካበት፣ ለውጥ የለም። እኔ ደግሞ ልቤ ሞቅ ስላለ ወሬዬን ቀጠልኩ። አንድ ጊዜ ከጎበሳ ስመጣ ባትሪው ሞቶብኝ፣ በገበያተኛ አስገፍቼ አስነስቼ፣ ባትሪውን ፈትቼ እዚያው ጎማ ለሚለጥፈው ባለ ጎሚስታ አደራ ሰጥቼ፣ ያለ ባትሪ አሰላ ድረስ ገብቻለሁ። የናፍታ ሞተር አንዴ ከተነሳ ባትሪ ምን ያደርግለታል? የዚህንም ላፕቶፕ ባትሪ ያወጣሁት ለዚሁ ነው፤ ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ነው ያለው፣ በከንቱ ለምን ይደክማል አልኩት።

ጠጋኙ እጁ ቆመ።

"ባትሪውን ያወጡት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"መቼ?"

መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ደብተር አላስፈለገኝም። ጌሙ መዝለል የጀመረ ሰሞን ነው። ከሥሩ ያሉትን ሁለት መያዣዎች ገፋ ገፋ ሲያደርጉ የሚወጣ ባትሪ ነበር፤ አውጥቼ፣ በአሮጌ ሸሚዝ ጠቅልዬ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ከመኪናው ባትሪ አጠገብ አስቀምጬው ነበር። ጠጋኙ ቦታው ባዶ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን አይቷል። ግን እሱ ሱቅ ከሚገባው ላፕቶፕ ግማሹ ባትሪው ሞቶ ተጥሎ በቀጥታ ሶኬት የሚሠራ ስለሆነ፣ የእኔም እንደዚያው መስሎት ነገሬ አላለውም። አስረዳኝ። ይህ ማሽን ሲጨነቅ ቻርጀሩ ብቻውን አይበቃውም፤ የጎደለውን ባትሪው ነው የሚሞላው። ባትሪው ከሌለ ድንገት እንዳይጠፋ ብሎ ገና ከመነሻው ራሱን ይይዛል። እንግዲህ ስፈልገው የከረምኩት አናቂ እኔው ራሴ ነበርኩ።

አፈርኩ? ትንሽ። ቢሆንም አልተበገርኩም። "ሙቀት አይደለም ብዬህ ነበር፣ አላልኩህም?" አልኩት። ሳቀና ብለውኛል አለ። ቤት ደርሼ ባትሪውን ከቁም ሳጥን አውጥቼ መለስኩ፣ ሲሞላ ጠበቅኩ፣ አስነሳሁት። ሦስት ነጥብ አራት። ብቻዬን ቤት ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። እኔ አልዘገየሁም! ማሽኑ ነው! ያን ቀን ቅዳሜ ነበር፣ ሾፌሩ የሚመጣው ሰኞ ነው፣ ልጄ ደግሞ ከሥራ የምትወጣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እስክትመጣ አንድ ጉዞ ልሟሟቅ ብዬ መሪውን ያዝኩ።

መንገዱ እንደ ቅቤ ሄደልኝ። መሪውን ሳዞር ይዞራል፣ ፍሬን ስይዝ ይይዛል። ግራ እጄም እንደ ድሮዋ ናት። ከዚያ መስቀለኛ መንገድ ላይ ደረስኩ፣ አየሁ፣ ገባሁ፣ ገጨሁ። ትንሽ መኪና ናት፣ ከየት መጣች? ጥጉን አየሁ፤ ሦስት ነጥብ አራት። እንደገና ጀመርኩ። በሌላ መስቀለኛ መንገድ፣ በሌላ መኪና፣ ያው። ጥጉን አየሁ፤ ሦስት ነጥብ አራት። ሦስተኛውን ቀስ ብዬ፣ እንደ ጀማሪ፣ ቆም ብዬ ነው የገባሁት። ገጨሁ። ሦስቱም የመጡት ከግራ ነው። ሦስቱንም ከመግጨቴ በፊት አላየኋቸውም።

መሪውን ለቀቅኩ። ጠረጴዛው ላይ የውሃ ብርጭቆ ነበር። ዓይኔን ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ተክዬ ብርጭቆውን በቀኝ እጄ ወደ ቀኝ ገፋሁት፤ አየዋለሁ፣ ጫፍ ድረስ አየዋለሁ። ወደ ግራ ገፋሁት። ገና ከመሀል ትንሽ እንዳለፈ ጠፋ። ጨለማ አይደለም፣ ብዥታም አይደለም። ዝም ብሎ የለም። አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ሌላውን ጨፈንኩ፣ ያው ነው። ብርጭቆውን ደጋግሜ መለስኩት፣ ደጋግሞ ጠፋ። የዲክሲስ መንገድ ፊቴ ላይ መጣ። ገበያተኛው፣ ጋሪው፣ ከግራ የሚሻገረው ሰው። ስትሮኩ እጄን መልሶ ግራዬን ማስቀረቱ ያኔ ገባኝ። ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ፈለግኩ፣ እውነቴን ነው፣ ጠንክሬ ፈለግኩ። አንድም አላገኘሁም።

ልጄ ስትገባ እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ነበርኩ። ቁጥሩን አየችና ደስ አላት። እሷም ከልቧ ነው የፈለገችው፣ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። በርጩማ ስባ፣ በል እንጂ አባዬ፣ አሳየኝ አለች።

"አያስፈልግም" አልኳት። "ማሽኑ ጤነኛ ነው።"

ነርስ አይደለች? አላብራራሁላትም። ብርጭቆውን አየች፣ እኔን አየች፣ ጣቷን ከግራዬ በኩል ቀስ አድርጋ አመጣች፣ አየሁ እስክል ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች። ከዚያ እጄን ያዘችና አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ከኮቴ ኪስ ቁልፍ አወጣሁና መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት። የመኪናው ሁለተኛ ቁልፍ ነው፤ መኖሩን አታውቅም ነበር፤ እናንተም አላወቃችሁም። የመኪናውንም ባትሪ ረቡዕ ዕለት መልሼ አስሬዋለሁ። ፈቀድሽም አልፈቀድሽም፣ ሰኞ ጠዋት አንቺ ሥራ ስትገቢ እኔ ዲክሲስ ልሄድ ነበር አልኳት። አፏን በእጇ ያዘች።

"የመጀመሪያውን አንቺ ወሰድሽብኝ" አልኳት። "ይሄኛውን ግን ማንም አልወሰደብኝም። እኔ ነኝ የሰጠሁሽ። ይሄ ይታወቅልኝ።"

ሰኞ ሾፌሩ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ አይከፋም፣ ማርሽ ሲቀይር ግን ያሳቅቀኛል። መንገዱን እኔ ካላሳየሁት የት ያውቀዋል ብዬ ጋቢና ገብቼ በቀኝ ተቀመጥኩ፤ ልጄም ከለከለችኝ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ወዲህ ገብስ በተጫነ ቁጥር እሄዳለሁ። ጭቃው የት እንደሚይዝ፣ ጉሙ የት እንደሚወርድ እነግረዋለሁ። ቀኙን ጥርት አድርጌ አየዋለሁ። በግራዬ ተቀምጦ መሪዬን የያዘውን ሰው ግን ፊቴን ካላዞርኩ አላየውም። አላዞርም።